የማናየው መብራት

አውቶሞቢል የሚነዳ ሰው ሁሉ ይዞት የሚዞር፥ ነገር ግን በሚነዳበት ሰዓት ከቶ የማያየው አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የኋላ መብራቱ ነው። የፊቱ መብራት ለነጂው ያበራለታል፤ የኋላው ግን የሚበራው ከኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። ይህን ቀላል ነገር ለመረዳት የብዙ ዓመት መንዳት አልበቃንምና በበቆጂ መንገድ ላይ አንድ ምሽት ማፈር አስፈለገን። ታሪኩን የምንጽፈውም እንደ እኛ ያረጀ መኪና ይዞ «ነገ አሠራዋለሁ» የሚል አንባቢ ቢኖር ይጠቀምበት ይሆናል በማለት ነው።

በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የአርሲ ደጋ ከተማ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ የዚያ አገር ልጅ በመሆኗ የከተማይቱ ስም በዓለም ታውቋል፤ ዛሬም ገና ሳይነጋ ወጣቶች በሩጫ ሲያልፉ ይታያሉ። መንገዱ የሁሉ ነው። ስንዴና ገብስ የጫነው የጭነት መኪና፥ የፈረስ ጋሪው፥ ባጃጁ፥ ሞተር ብስክሌቱ፥ ከብቱና እግረኛው አብረው ይሄዱበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ከጭላሎ በኩል ወርዶ ሁሉንም አንድ ልብስ ያለብሳቸዋል።

መኪናችን ሰው ሁሉ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት የቆየች ቶዮታ ኮሮላ ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህማ፥ እንዲህ ያለችውን አሮጌ እየጠገኑ መያዝ እንደ ጥበብ ተቆጥሯል። ታዲያ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስንነዳ ከባሕር ዛፍ አጥር ጋር ተጋጨንና የግራው የኋላ መብራት ቀይ ሽፋን ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የገባው የዝናብ ውኃ የአምፑሉን መቀመጫ አዛገው። ከመብራቱ በስተጀርባ፥ በዕቃ መጫኛው ውስጥ የታሰረውም የሌባ ማስጠንቀቂያ አላርም ርጥበት ገብቶበት፥ ሌሊት ያለ ምክንያት እየጮኸ ከጎረቤት ያጣላን ጀመር።

ወደ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሰድናት። እርሱም ካየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው፤ የወር ደመወዝዎ ለሁለቱም ካልበቃ ግን መብራቱን ያስቀድሙ» አለን። እኛ አላርሙን አስቀደምን። መብራቱ በቀኝ በኩል አለ፥ አንዱ ይበቃል አልን። የቦሎ ምርመራውም ሩቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ምክንያታችን ይህ አልነበረም፤ መኪናይቱ ብትሰረቅ የምንጎዳው እኛ ነን፤ የኋላ መብራት ቢጠፋ ግን ችግሩ የእኛ አልመሰለንም ነበር።

በሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ከአሰላ ስንመለስ፥ ሳጉሬን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ጉም ያዘን። መስተዋቱን ለመወልወል መንገዱ ዳር ቆምን። መብራታችንን አላጠፋንም፤ ዳሩ ግን ከኋላ የሚበራው የቀኙ ብቻ ነበር። አንድ ሞተር ብስክሌት ተማሪ አፈናጦ ከኋላ መጣ። ነጂው አንድ ቀይ መብራት ብቻ በመንገዱ ጠርዝ ቢያይ፥ እንደ እርሱ ያለ ሞተር ብስክሌት የቆመ መስሎት በስተግራ በኩል ሊያልፍ አሰበ። መብራት የሌለው የመኪናችን ግራ ጎን ግን በዚያ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት መሪውን ቢጠመዝዝም ጫፋችንን ነክቶ ሁለቱም ወደቁ፤ የተማሪው የቀኝ እጅ አንጓ ተሰበረ።

በዚያ ቅጽበት አዲሱ አላርማችን መጮኽ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ሰዎች ዱላ ይዘው ሮጠው መጡና አንድ ሽማግሌ፥ «ሌባው የታለ?» ብለው ጠየቁ። የምንመልሰው አጣን። ተማሪው እጁን በጋቢ ደግፈውለት ሳለ ያለ ቁጣ፥ «አንድ መብራት ስላየን ሞተር መስሎን ነው» አለ። ብዙ ሰዎች ገስጸውን ያውቃሉ፤ እንደዚህች ቃል የወጋን ተግሣጽ ግን የለም። ለትምህርት ቤት ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ልጁን አሳክመን ሲያበቃ፥ መብራቱን ከአዲስ አበባ ከሱማሌ ተራ አስመጣን። ሲገጠም ከአጠገቡ አልራቅንም። ሠራተኛው አስቀድሞ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለምና ቦታ በወረቀት ጻፈ። የድሮው መብራት ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት፥ ፍሬን ስንረግጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራ እንደ ነበር ስንነግረው፥ «ያኔ ነበር መምጣት» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ከአምፑሎቹ ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ ሲዝግ፥ ኃይሉ መመለሻ ፍለጋ በሌላው አምፑል በኩል ይዞራል። የዛገውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጠራው፤ ውኃ እንዳይገባም በሽፋኑ ዙሪያ አዲስ ጎማ አደረገ። አምፑሉ በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ የ5 ዋቱ ለዘወትር መብራት፥ የ21 ዋቱ ለፍሬን ነው። ተገልብጦ እንዳይገባም ሁለቱ የጎን ጉጦቹ በከፍታ ይለያያሉ። አላርሙንም ውኃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ አዛውሮ፥ ለራሱ ተገቢውን ፊውዝ ሰጠው።

ሥራው ሲያልቅ ቀይ ቀለም ስለ ምን እንደ ተመረጠ አሰብን። ብዙ ሰው ቀይ ብርሃን ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል ይላል፤ ነገር ግን የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ የሚበልጡ ስለሆኑ ቀዩንም ነጩንም ያለ ብዙ ልዩነት ይበትኑታል። የቀዩ ዋና ኃይል በሰዎች መካከል ያለው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም የኋላ መብራት ቀይ እንዲሆን ያዛል። በአገራችንም በ1956 ዓ.ም. መንጃው ከግራ ወደ ቀኝ ሲለወጥ፥ ቀኙ ከግራው በተፈጥሮ የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉ አንድ ሆኖ ከያዘው መንገድ ሰላም ስለሚገኝ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያቺን ሴኮንድ ለሌላው ሰው የሚሰጠው የእኛ መብራት ነው።

ተማሪው እጁ በጀሶ እንደ ታሰረ ፈተና ተቀመጠ። በዝግታ ይጽፍ ስለ ነበር ከክፍሉ የወጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ውጤቱ ከጓደኞቹ አላነሰም፤ ይህ ግን የእርሱ ብርታት ነው እንጂ የእኛን ዕዳ አያቀልም። በመሥሪያ ቤትም፥ በትምህርት ቤትም፥ የራሳችንን ንብረት የሚጠብቀውን ጩኸት እያስቀደምን ለሌላው የሚበራውን ስንት ጊዜ እንዳሳደርን ከዚያ ወዲህ መቁጠር ጀምረናል። ነግ በእኔ ያለ ሰው ግን አያሳድርም።

የፍሬን መብራት መሥራቱን ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ ለማወቅ ይቸገራል፤ ከኋላ ቆሞ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ልጁ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለምና አልፎ አልፎ ጎራ ይላል። በመጣ ጊዜ ከኋላ እንዲቆምልን እንለምነውና ፍሬኑን እንረግጣለን። «በርቷል፥ ሁለቱም» ይለናል። ይህን ሳንሰማ ወደ አሰላ አንነሣም።