የገፋሁት ትልም

መንዝ ላይ የነሐሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በርኖሴን ደርቤ ለፍልሰታ ንስሐ ልገባ ሄድኩ። ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን ዘረዘርኩ። የንስሐ አባቴ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ የጎረቤትህ ወሰንስ?» አሉኝ። ክው አልኩ። በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ገብስ ማሳው ስገፋ፣ «በሬው ስቦኝ ነው» እያልኩ ነበር፤ ኃጢአት ብዬው አላውቅም። ስግደት እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን «አስቀድመህ መሬቱን መልስ፤ ቀኖናው ከዚያ ወዲያ ነው» አሉ። ዘኬዎስስ በሉቃስ 19 የነጠቀውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አላለም? እግዚአብሔር ፊት ከማልቀስ ይልቅ የበደልኩት ሰው ደጅ መቆም ከበደኝ። ቢሆንም ሄድኩ፤ የወሰኑን ድንጋይ አብረን ወደ ቦታው መለስነው። ወገኖቼ፣ ጾሙ ሳይፈታ ወሰናችሁን ሄዳችሁ እዩ።