ፍሬው ሳይታይ የተሸጠ ጓሮ



በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ፣ በሐምሌ ወር ወደ ምዕራብ ጎጃም ተጓዝን። ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ለምልሞ ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ቀጥለን በበርበሬዋ ወደምትታወቀው ቡሬ ገባን። የነቀምት መንገድ የሚገነጠለውም ከዚህችው ከተማ ነው።

ያረፍንበት ቤት ከከተማው ወጣ ይላል። ባለቤቱ ሐጂ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አላስቀመጡንም። «ኡስታዝ፣ መጀመሪያ ጓሮውን እዩልኝ» አሉን። በቀዩ አፈር ላይ አሥራ አንድ የአቮካዶ ዛፎች ቆመዋል። ሐስ የሚባለው፣ ሲበስል ቆዳው የሚጠቁረው ዝርያ ነው። ታናሽ ልጃቸው ለአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። የላዩን አፈር ለብቻው ከምሮ ከፍግ ጋር ቀላቀለው፤ ችግኙ የተዳቀለበትም ቦታ ከአፈሩ በላይ እንዲቀር ተጠነቀቀ። የአቮካዶ ሥር ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳልና ዙሪያውን ከፍ አደረገው። የተዳቀለ ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ሲይዝ፣ ከዘር የበቀለው ግን ከዚያ በላይ ያስጠብቃል።

ማታ፣ ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ሐጂ የጓሮውን ታሪክ አጫወቱን። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዛፎቹ ገና አበባ ሳሉ፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸው የሆነ ነጋዴ የዓመቱን ፍሬ በሙሉ ገዛቸው። ገንዘቡን ተቀብለው የቤታቸውን ጣራ በቆርቆሮ አለበሱበት። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ወረደና አበባውንም እንቡጡንም አራገፈው። ነጋዴው «ዕድሌ ነው፣ ሐጂ» ብሎ ዝም አለ። መነገጃው ግን ያው ገንዘብ ብቻ ነበር።

መድረሳ የሚማረው ልጃቸው አንድ ቀን ከቂርአት ሲመለስ «አባ፣ ያ ገንዘብ የእኛ አይደለም» አላቸው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ደኅንነቱ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አላህ ፍሬውን ቢከለክል፣ ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ በምን ይበላል? ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥም፣ የተሸጠ ፍሬ መቅሠፍት ቢያገኘው ሻጩ ከገዢው ዋጋ እንዳይቀበል ታዟል። ልጁ የተማረው ይህንኑ ነበር።

«በልጄ ተቆጣሁ» አሉን ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው። «ቆርቆሮው ተመቷል፤ ከየት አምጥቼ ልክፈል? ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።» በማግሥቱ ወይፈናቸውን ወደ ገበያ ነዱ። ነጋዴው ገንዘቡን ሲያዩት አልቀበልም ብሎ ቢግደረደርም፣ ሽማግሌ አስቀምጠው አስረከቡት። ከዚያ ወዲህ ፍሬያቸውን የሚሸጡለት ለአቅመ መለቀም ሲደርስ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህ ሕግ ለእርሻው ሥራም ምን ያህል እንደሚበጅ አስተውሉ። አቮካዶ የሚለሰልሰው ከዛፍ ከወረደ በኋላ ነው። ያለ ጊዜው የተለቀመ ግን ይጨማደዳል እንጂ ጣዕም አያወጣም። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በኬንያ ተራራ ዙሪያ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች ማካዳሚያ የሚባለውን ለውዝ ያመርታሉ። ሲደርስ ራሱ ይወድቃል። በችግርና በነጋዴ ጥድፊያ ሳይደርስ የተሸመጠጠው ቅባቱ ስለማይሞላ ዋጋውን ያጣል። ያልበሰለ ፍሬ መሸጥ ገዢውንም ሻጩንም ይጎዳል ማለት ነው።

ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው፦ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ምጽዋት ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እንትከል። ስንሸጥ ደግሞ ያየነውን እንሽጥ። በቤታችሁ በቅድሚያ የተሸጠ ፍሬ ካለ ዓሊሞችን ጠይቁ፤ ጉዳዩን ያነሣው ልጃችሁ ቢሆንም አትቆጡት።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ግን መንገዱ እንደ ስሙ አልሆነለትም። አላህ (ሱ.ወ.) ለአገሩ ሰላምን፣ ለጓሮው በረካን፣ ለእኛም እንደዚያ ልጅ እውነት የሚነግሩንን ልጆች ይስጠን። አሚን።