«ሂድ!»

አባቴን «አንተ» ብዬ አላውቅም። እኛ ቤት ከልጅነት ጀምሮ «እርስዎ» ነው፤ ስንኮራረፍ እንኳ።

ባለፈው ክረምት እንግሊዝ አገር የሚኖረው አጎቴ ጠባብና ረጅም ጀልባ ተከራየልንና ከዴቫይዝስ ከተማ በቦይ ቁልቁል ወረድን። ቦታው ኬን ሂል ይባላል፤ 29 ሎኮች ያሉት ሲሆን 16ቱ በተርታ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። በ1810 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሥራ ነው። ሎክ ማለት በላይና በታች በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፤ የላይኛው በር ይዘጋል፤ የታችኛውን የውኃ መዝጊያ በብረት ማዞሪያ ስትከፍተው ውኃው ይጎድላል፤ ጀልባዋም አብራ ትወርዳለች። ከዚያ የታችኛውን በር በጀርባህ ገፍተህ ትከፍታለህ። (ወገቤን ጠይቁት!)

ክፉው ነገር ከላይኛው በር ሥር ያለው የድንጋይ ደፍ ነው። ውኃው ሲጎድል ብቅ ይላል። የጀልባዋ ኋላ እሱ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫዋ ብቻ ይወርድና ትሰጥማለች።

ስምንተኛው ላይ መሪውን የያዙት አባቴ ከአጎቴ ጋር ወሬ ይዘዋል። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አለፈች።

«አባባ፣ ትንሽ ወደ ፊት ቢሉ...»

የውኃው ጩኸት ዋጠው። ደገምኩት፤ ያው በትሕትና። መዝጊያውን መዝጋት ሲገባኝ እኔ ቆሜ ቃል እመርጣለሁ! የደፉ ጫፍ ሲታየኝ ግን፦

«ሂድ! ወደ ፊት ሂድ አንተ!»

ሄዱ። መዝጊያውን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚያ ማንም ምንም አላለም። ዘጠነኛው ሎክ ስንገባ አባቴ ወሬያቸውን አቋርጠው ቀና ብለው አዩኝ፤ እጄን እስካነሣላቸውም ጠበቁ።