ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ

አንባቢ ሆይ! አንድ ሰው ለደንብ ያለውን አክብሮት ልትመረምር ብትፈልግ፣ ደንቡ በጠቀመው ቀን የተናገረውን ተወውና በጎዳው ቀን ያለውን ጠይቅ።

ለዚህ ነገር ምስክራችን ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ያለው ቁስቋም ነው። ቤተ ክርስቲያኑንና ግቢውን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ልጅ ስለ ነበሩ፣ እቴጌይቱ የንጉሥ እናት በመሆናቸው መንግሥቱን በእንደራሴነት ያዙ። በ1747 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ሞቱና ዘውዱ ለሕፃኑ ለኢዮአስ ሆነ። የኢዮአስ እናት የወሎዋ ውቢትም በዚያው ሥርዓት እንደራሴነቱ ይገባኛል አሉ። እቴጌይቱ ግን አያት ሆነውም ሥልጣኑን አልለቀቁም። በ1723 እውነት የነበረው ደንብ በ1747 ሐሰት ሆነ!

ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ በቋረኞችና በወሎዎች ተከፈለ። ሁለቱም የሚያምኑት ደንብ ስላልነበረ ዳኛው ጦር ሆነ። ከትግራይ የመጡት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዘመነ መሳፍንትም ተከተለ።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ይሉኛል። መልሴ፣ ሁለቱም ወገኖች ደንቡን የወደዱት ለራሳቸው ሲሆን ነው የሚል ነው።

ጉዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳና ሚሺጋን የዕጩ መምረጫቸውን ከተፈቀደው ቀን ስላስቀደሙ፣ የዴሞክራት ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ወኪሎቻቸው በጉባኤው ድምፅ እንዳይኖራቸው ወሰነ። ዋናዎቹ ዕጩዎችም በዚያ ላለመቀስቀስ ቃል ገቡ። በ2008 ግን በሁለቱም ብዙ ድምፅ ያገኙት ሂላሪ ክሊንተን ድምፁ ይቆጠር አሉ፤ ስማቸውን ከሚሺጋን ወረቀት ያስነሡት የባራክ ኦባማ ወገኖች ደግሞ ደንቡ ይከበር አሉ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ወኪል ግማሽ ድምፅ ፈቀደ። ኦባማ ማሸነፋቸው ከታወቀ በኋላ ግን ራሳቸው ሙሉው ይመለስ ብለው ጠየቁ፤ ተመለሰም። በዚያ አገር ነገሩ በኮሚቴ አለቀ፤ በጎንደር ግን በደም።

አንተም በመሥሪያ ቤትህ ታየዋለህ። ዘንድሮ «የአገልግሎት ዘመን ይታይ» ያለው ጓደኛህ፣ ዲፕሎማውን በያዘ ማግሥት «ትምህርት ይቅደም» ይላል። እንግዲህ በማኅበርም ሆነ በፓርቲ ደንብ ሲወጣ፣ ተጠቃሚው ገና ሳይታወቅ ይጻፍ። ከዚያም ተራው የባላጋራህ በሆነ ጊዜ ያንኑ ደንብ ጮክ ብለህ አንብበው። ሕግ አክባሪነትህ የሚፈተነው ያን ዕለት ነው።