ስክሪኑ አልሞተም

ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ኤልሲዲ «ተቃጠለ» ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። በዚህ ኑሮ የሚሠራ ዕቃ መጣል ያሳዝናል።

አንድ የጀሞ ልጅ ለእናቱ የሮቶ ውሃ መጠን የሚያሳይ ነገር በአርዱይኖ እየሠራ ነበር። ሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ስንት ውሃ እንደቀረ ለማየት መሰላል ይወጣሉ። ልጁ ዕቃውን ይዞልኝ ላፍቶ መጣና «ቲቸር፣ ይበራል ግን ምንም አይጽፍም፤ ሞቷል» አለኝ።

መብራቱና ጽሑፉ የተለያዩ ናቸው። የኋላ መብራቱ በፒን 15 እና 16 ለብቻው ይሠራል። መጀመሪያ የሚታየው ፒን 3 ነው፣ ኮንትራስቱ። ፖቴንሺዮሜትሩን ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። የላይኛው መስመር ላይ ጥቁር ሳጥኖች ከመጡ ደስ ይበላችሁ! ኃይል ደርሶታል፣ ኮንትራስቱም ደህና ነው። የቀረው ከአርዱይኖው መምጣት የነበረበት የማስጀመሪያ ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ አርኤስ፣ ኢ እና ከዲ4 እስከ ዲ7 ያሉት ሽቦዎች ኮዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መግጠማቸውን፣ አርደብሊው ደግሞ ግራውንድ ላይ መሆኑን አንድ በአንድ ተከተሉ።

የልጁ ሽቦ ሁሉ ልክ ነበር፤ ሳጥኖቹም መጡ። ፒኖቹን በጣቴ ጫን አድርጌ ሪሴት ስነካው ጽሑፉ ብቅ አለ። ለካ ፒኖቹ ቀዳዳው ውስጥ ገብተዋል እንጂ አልተበየዱም! በየድነው፣ አለቀ። «ንፋስ ስልክ» በሚባል ክፍለ ከተማ እየኖርን ጣጣችን ሁሌ ሽቦ ነው።

ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ መጣ። ስክሪኑ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። እናትየው ደግሞ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የሚያነቡት አማርኛ ነው። የሂታቺ 44780 ቺፕና ቅጂዎቹ ላቲን፣ አብዛኛውን ጊዜም የጃፓን ካታካና ተጭኖባቸው ይመጣሉ። ግዕዝ የለም። ለራሳችን የተተወልን 8 ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም 5 በ8 ነጥብ።

በ8 ፊደል ምን ይጻፋል? ተቀምጠን ቆጠርን። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ። ሙ፣ ሉ፣ ግ፣ ማ፣ ሽ፣ ባ፣ ዶ። ሰባት! በተረፈችው ቦታ የውሃ ጠብታ ሳልንባት።

ከ200 በላይ ፊደል ላለን ሰዎች 8 ቦታ ስድብ ይመስላል። ግን አንዲትን እናት ከመሰላል ለማውረድ 7 በቃ።

እስቲ እናንተም ስኩዌር ደብተር አውጡና 5 በ8 ላይ ሞክሩት። «ሽ» አስቸግራናለች፤ ከኛ አሳምሮ የሳለ ፎቶውን ኮመንት ላይ ያድርግልኝ።