ድንቡሼ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ አንጀት ምን አገባው የሚለን የሕክምና ተማሪ አይጠፋም። ይበለን። ነገሩ የእኅታችን ልጅ ነውና ዝም ለማለት አልቻልንም።

ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ድንቡሼ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣንለትም እኛው ነን። በቤታችን የልጅ ውፍረት የጥጋብ ምስክር ነው፤ እንግዳ በመጣ ቍጥር ጕንጩ እየተቈነጠረ «ይኼ የደላው!» ይባላል፤ እናቱም ኰራ ብላ ትጨምርለታለች። እኛም ከዩኒቨርሲቲ በወጣን ቍጥር ለስላሳና ብስኩት ይዘንለት እንሄድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ እምብርቴ አካባቢ አመመኝ አለ። ሳቅን። «ምሳ ላይ ስንት እንጀራ ነበር?» አልነው። ፌጦ በሎሚ ተሰጠው፤ አስመለሰው። ሌሊቱን ሕመሙ ወደ ቀኝ ጐኑ ዝቅ ብሎ ወረደ፤ ይህ አካሄድ የትርፍ አንጀት ምልክት መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ቀጭን ልጅ ቢያቃስት ኖሮ በዚያው ሌሊት ተሸክመነው እንሮጥ ነበር። ወፍራሙ ሲያቃስት ግን የበላው ነው ብለን ተኛን። እሑድም እንዲሁ አለፈ።

ሰኞ ጧት ሐኪሙ ሆዱን ደጋግሞ ዳሰሰ። በቀጭን ሆድ ላይ እጅ ቶሎ የሚያገኘውን ነገር ስብ ይሸፍነዋል። የአልትራሳውንዱም ሞገድ በስብ ውስጥ ሲያልፍ እየደከመ ስለሚሄድ ትርፍ አንጀቱን ሳያሳይ ቀረ። በትኵሳቱና በደም ምርመራው ተመርተው ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ ፈንድቶ ተገኘ።

በኋላ ሐኪሙ ታግሦ አስረዳን። በወፍራም ልጅ ላይ ሥራው ረዘም ይላል፤ በማደንዘዣ ጊዜ አተነፋፈሱን በብርቱ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ስብም ደም በብዛት የማይደርሰው በመሆኑ ቍስሉ ማመርቀዝ ይቀናዋል። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አግብተው ሲሠሩ የቍስሉ ጣጣ ይቀንሳል፤ የኛው ልጅ ግን የተሠራው በቀድሞው መንገድ ነበር። በስድስተኛው ቀን ስፌቱ መግል ይዞ ተከፈተ፤ ሦስት ሳምንት ያህል እየታጠበ እየታሸገ ከረመ። (ክላውዲየስ አምያንድ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1735 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አንጀት ቈርጦ ያወጣው ከ11 ዓመት ልጅ ነው፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ! ያም ልጅ ድኗል።)

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ 160 ሚሊዮን ያህሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳላቸው ገምቷል። ስንቶቹ ሆዳቸውን ሲያማቸው እንደ ተሳቀባቸው የቈጠረ የለም። ስቡ ሐኪሙን ያታለለው ጥቂት ሰዓት ነው፤ እኛን ግን ሁለት ሌሊት።

ባለፈው ሳምንት ብርቱካን ይዘን ጠየቅነው። ለስላሳ ለመግዛት እጃችን አልታዘዘም። ጐረቤት ገብታ አየችውና «ውይ ልጄን፣ እንዲህ ይክሳ!» ብላ እንባ አቀረረች። እናቱ ደንግጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ወዲያው የሳሕን ድምፅ ተሰማን።