አበልጅ ያለው ነጋዴ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ምናባዊ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። በታሪኩ ውስጥ ከመሬት በታች የሚኖሩ፣ በየአገሩ ተበትነው በዝምድና የሚነግዱ ድንክ ነጋዴዎች አሉት። «ጋሼ፣ አንዱ እዚህ ያበደረውን ሌላው ባሕር ማዶ ሆኖ ይቀበላል ብል አንባቢ ያምነኛል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

ያምንሃል። እኛ የዋግ ልጆች ያደግነው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ጨውን አስቡ። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው በረሃ፣ በእጅ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌ ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራበት፣ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ሰቆጣ ደግሞ ስሟ የታወቀ የጨው ገበያ ነበረች።

እንግዲህ ጨው በራቀ ቁጥር የሚወደድ ከሆነ ትርፉ ያለው መንገዱ ላይ ነው ማለት ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ኬላ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ። ብቻውን የሚወጣው የለም። ለዚህ ነው ሲራራ ነጋዴ በቅፍለት የሚሄደው። አለቃው ነጋድራስ ይባላል። በኋላ ነጋድራስነት የመንግሥት ሹመት ሆነ፤ ብዙዎቻችሁ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የምታውቁት በዚሁ ማዕረግ ነው።

ቅፍለት ግን መንገድ ያሻግራል እንጂ ማደሪያ፣ ዱቤና የገበያ ወሬ አይሰጥም። ያንን የሚሰጠው ቤተሰብ ነው። ምን መሰላችሁ፣ ቤተሰብ ደግሞ ይሠራል እኮ! ማዶ ሥጋ ዘመድ የሌለው ነጋዴ ወይ ልጁን ይድራል፣ ወይ ለልጁ የክርስትና አባት ከማዶ አምጥቶ አበልጅ ይሆናል። ሃይማኖት ቢለያያቸው የጡት ልጅ መባባል አለ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ገበያ ሲደርስ የሚያድርበት ቤት፣ የታመመች በቅሎውን የሚያስቀምጥበት ግቢ፣ ከሁሉም በላይ ዋስ አለው። ቢያጭበረብር የሚያጣው አንድ ደንበኛ አይደለም፤ አበልጆቹ የሚበሉበት ቤት ሁሉ ይዘጋበታል። ጉድለትም አለው፤ ማንም የማያውቀው ሰው ደጅ ይቀራል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢስፋሃን አዲስ ጁልፋ አርመኖች ከአምስተርዳም እስከ ማኒላ የዘረጉት ንግድ በቤተሰብና በደብዳቤ የተያያዘ ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድም የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ እስከ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ድረስ ተጉዟል።

አሁን ወደ አበርገሌ እንመለስ። በዚህ ስም የሚጠራ ወረዳ በዋግ ኽምራም በትግራይም አለ። የአንዱ ከተማ ኒሯቅ ነው፣ የሌላው የጭላ። ቆላ ነው፤ ሀብቱ ፍየልና ማር ነው። ገበያ ውስጥ አንዱ ሰው በኽምጣኛ ሰላም ብሎ፣ በትግርኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ሒሳብ ሲዘጋ ትሰማላችሁ።

አጎቴ በ2013 መስከረም ላይ ተምቤን ካለው አበልጁ 14 ፍየል በዱቤ ወሰደ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። በጥቅምት መጨረሻ ሊከፍል ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ግን ጦርነቱ ተጀመረ። መንገዱ ተዘጋ፤ ማዶ ስልክም ባንክም ተቋረጠ። በኋላ አጎቴ ራሱ ከነቤተሰቡ ተፈናቀለ። የሚበላ በቸገረበት ጊዜ እንኳ «ዕዳዬ» ይል ነበር እንጂ «ጠፋልኝ» ሲል አልሰማሁትም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ስልክ ሲገባ ሁለቱ መጀመሪያ የተጠያየቁት ስለ ሞተና ስለ ተረፈ ነው። ቀጥሎ ዕዳው መጣ። ግን በየትኛው ዋጋ? በ2013ቱ ብር ቢከፍል በመሀል ብር ረክሷል፤ 14 ፍየል ቀርቶ ግማሹንም አይገዛ። አጎቴ «ፍየል ነው የወሰድኩ፣ ፍየል ነው የምመልስ» አለ። እያረባ ቆይቶ በ2016 አሥራ አራቱንም አስነድቶ ላከ። አበልጁ 11ዱን ተቀብሎ ሦስቱን መለሰ። መልእክቱም «ጦርነት የፈጀውን ብቻህን አትከፍልም» የሚል ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ሽማግሌዎቹን እንድታደንቁልኝ ብቻ አይደለም። አጎቴ 70 አልፎታል፤ አበልጁም እንደዚያው ነው። ልጆቻቸው በደንብ የሚያውቁት የተዘጋውን መንገድ ነው። ስለ ማዶው ሰው የሰሙት ከስልክ ነው፤ ስልክ ላይ የሚወራውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አሁን ንግዱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲነሳ በደላላና በቴሌብር ነው። ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ቴሌብር ብር ያደርሳል እንጂ ዋስ አይሆንም። ቀድሞ ያልከፈለ ፍየል አያገኝም። በፊት እጁ ላይ ምንም ሳይኖረው፣ በአባቱ ስም 5 ፍየል ወስዶ ንግድ የሚጀምር ጎረምሳ ነበር። እሱ ነው ዛሬ ከገበያ የወጣው። ዱቤ እኮ የድሃ ካፒታል ነበር።

የአጎቴና የአበልጁ ነገር በደም የመጣ አይደለም። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ አንድ ሕፃን ክርስትና ሲነሳ የተጀመረ ነው። ያኔ የተሠራ ነገር አሁንም ሊሠራ ይችላል።

ሰቆጣም፣ ኒሯቅም፣ የጭላም ያላችሁ ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ አሁን ወላጆች ናችሁ። ለሕፃኑ የክርስትና አባት ስትፈልጉ እስቲ ማዶም ጠይቁ። ድግሱ ላይ ከጠራችሁኝ እመጣለሁ።